የፀጉር ንግድ መስሎኝ

ባለፈው ወር ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ ሰፈር ያለው አፓርታማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ብል ገብቶ ሁለት የሱፍ ሹራቦቼን ወንፊት አደረገብኝ። ተናድጄ ሄጄ የብል መድኃኒት ገዛሁ፤ ያቺን ከረሜላ የምትመስል ነጭ ድብልብል። ከረጢቱን ስቀደው ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝና ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ «ጋሼ ይልማ» አልኩ። ደግነቱ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ይልማ እንዲያ ነበር የሚሸቱት። የሀበሻ ሱቆች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከእትዬ ሮማን ፀጉር ቤት ጎን፣ በር እንጂ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፉ ነበር። የሀበሻ ቀሚስ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሀብታም ሴቶችን ፀጉራም ካፖርት ይጠግናሉ። በሎስ አንጀለስ ሙቀት ካፖርት ማን ይለብሳል ትሉ ይሆናል። ይለበሳል። ገንዘብ ሲተርፍ ሙቀትም አይከለክል። ካፖርቶቹ የብል መድኃኒት በየኪሳቸው ተከቶላቸው ግድግዳውን ሞልተው ይሰቀላሉ፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ እነሱ ሥር ቁጭ ብዬ እናቴን እጠብቅ ነበር።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው። እናቴ በዲቪ ቀድማኝ መጥታ፣ እኔ ናዝሬት አክስቴ ዘንድ ሦስት ዓመት ቆይቼ ገና መድረሴ ነበር። እናቴ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል የአንሶላ እጥበት ላይ ትሠራለች፤ ሁለት አውቶቡስ ይዛ እስክትመጣ ይመሻል። ጋሼ ይልማ ዘመዳችን አይደሉም። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀው «ልጅቷ እኔ ጋ ትዋል፤ ካፖርት እንደሆነ አትበላም» አሏት፣ በዚያው ዘመድ ሆኑ።

ናዝሬት ሳለሁ ትልቅ ሰው አንቱ እል ነበር። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ወር አንተ ማለት ጀመርኩ፤ ከማን እንደተማርኩት አላውቅም።

«አንቱ በያቸው እንጂ» ትላለች እናቴ አፍራ።

«ተያት» ይላሉ እሳቸው። «አንቱ ስባል ጉልበቴን ያመኛል።»

ስሜ ጽጌ ነው። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን ሦስት ጊዜ ሞክራ አቃታትና ራሴ እንድናገረው ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ተናገርኩ። «ጽ» ስል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ያስነጠስኩ መስሎት «ይማርሽ» አለኝ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ባለፍኩበት ሁሉ ልጆች ያስነጥሱ ነበር። አስተማሪዋ አዝናልኝ «ሲጊ ብልሽ ይሻላል?» አለችኝ። የስ አልኳት። በእርግጠኝነት የማውቃት የእንግሊዝኛ ቃል እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ ሲጠይቁኝም በጣም ዝቅ አድርጌ ነው።

በመከር ላይ አስተማሪዋ ስለ ካሊፎርኒያ ታሪክ ዕጣ አስወጣችን። እያንዳንዱ ልጅ በደረሰው ርዕስ ጽፎ፣ በመጨረሻ ቆሞ ለክፍሉ መናገር አለበት። የእኔ ወረቀት ላይ «ፈር ትሬድ» የሚል ነበር።

ማታ እናቴን ጠየቅኋት። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርራለች። «ትሬድ ንግድ ነው» አለችኝ ዓይኗን ጨፍና። «ፈር ደግሞ ፀጉር። ሶ፣ የፀጉር ንግድ።»

ከዚህ የቀለለ የቤት ሥራ የት ይገኛል? የፀጉር ነጋዴ ግድግዳ ለግድግዳ አለችን። በማግስቱ ደብተሬን ይዤ እትዬ ሮማን ዘንድ ገባሁ። አንዲት ሙሽራ ሹሩባ እየሠሩ ነበር።

«እትዬ፣ ፀጉሩን ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከህንድ። ኦሪጅናል ነው፤ ሲንቴቲክ ደጄ አይደርስም፣ ለእናትሽም ንገሪያት።»

«ማን ነው የሚገዛው?»

«ቅዳሜ የምታገባ ሐሙስ ትገዛለች። አሁን ወዲያ በይ፣ ጥላ ሆንሽብኝ።»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አንድ ገጽ ሞላሁ። ፈር ከህንድ አገር ይመጣል፣ የሚያገቡ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ይገዙታል፣ የፈር ንግድ ፌርፋክስ ላይ ይገኛል ብዬ ጨረስኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መዳፌን የሚያክል ቀይ የጥያቄ ምልክት ነበረበት።

ጋሼ ይልማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አድርገው አነበቡት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሱ ያሉ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካስ ሳቅ ነው። ሲበቃቸው እጄን ይዘው አንዱ ካፖርት ውስጥ ከተቱት። «ፈር ይኼ ነው። የእንስሳ ቆዳ ከነፀጉሩ። ባገራችን ለምድ እንለው የለ? የለምድ ንግድ በይው።»

ይባስ ብሎ ተደናገርኩ። ለምድ የሚባል ነገር የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ አክስቴ የማትወደውን ሰው ሁሉ «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» ትለው ነበር። ስለዚህ የለምድ ነጋዴዎች ማለት በበግ ቆዳ ተሸፍነው በየአገሩ የሚዞሩ አታላዮች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። «ከውስጥ ተኩላ ናቸው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሼ ይልማ መርፌውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አሰቡ።

«አንዳንዶቹ» አሉ።

ከዚያ የትምህርት ቤት መጽሐፌን ተቀበሉኝ። ጉዳዩ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መድፍ ያለው የእንጨት ምሽግ፣ አንዲት መርከብ፣ በጀርባው ተንጋሎ የሚዋኝ ኦተር የሚባል እንስሳ ተሥሎበታል። ሩሲያውያን ካሊፎርኒያ ድረስ ወርደው ለፀጉሩ ሲሉ ኦተር አደኑ፤ ፀጉሩም ቻይና ሄዶ በሻይና በሐር ተለወጠ ይላል። ጋሼ ይልማ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። እንደገና መለሱት።

«የታሉ?» አሉኝ።

«እነማን?»

«አዳኞቹ።»

«ሩሲያውያን ናቸዋ። ተጽፏል እኮ።»

«የትኛው ሩሲያዊ ነው በቆዳ ጀልባ ባሕር ገብቶ ኦተር የሚወጋው?» አሉ። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። መጽሐፉን ከድነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ለካ የነካሁት ቁስል ነው።

ነገሩን በአንድ ቀን አልነገሩኝም። ዛሬ እጅጌ ሲፈቱ ትንሽ፣ ነገ ገበር ሲቀይሩ ትንሽ። ወጣት ሳሉ በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካ ሲገቡ፣ መጀመሪያ ሥራ ያገኙት አላስካ ነው፤ ከጫፉም ጫፍ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ደሴት ላይ፣ ዓሣ ፋብሪካ። ነፋሱ ሰው ይጥላል። ፈረንጆቹ ገናን ሲያከብሩ «ያንተስ?» ቢሏቸው የእኔ ገና ገና ነው አሉ፣ ማንም አልገባውም። የእኛው ገና ዕለት ብቻቸውን ሊያሳልፉት መንገድ ሲወጡ፣ ደወል ሰሙ። አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ አናቷ ላይ ሽንኩርት የሚመስል ጉልላት ያላት፣ በሰው ተሞልታለች። ሰዎቹ የደሴቱ ተወላጆች ናቸው። ገናቸው በዚያው ቀን ነው። ፈርተው በር ላይ ሲቆሙ አንዲት አሮጊት ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው።

«ማርፋ ይባላሉ» አሉኝ ጋሼ ይልማ። «እትዬ ማርፋ እላቸው ነበር። እትዬ ማለት የስማቸው ግማሽ መስሏቸው ሰው ሁሉ እንደዚያ እንዲጠራቸው አዘዙ።»

ጋሼ ይልማን መስፋት ያስተማሯቸው እትዬ ማርፋ ናቸው። የአገሩ ሴቶች ድሮ ከባሕር አንበሳ አንጀት የዝናብ ካፖርት ይሰፉ ነበር። እኔ የባሕር አንበሳ ትልቅ የባሕር እንስሳ መሆኑን ሳላውቅ፣ ጎፈር ያለው አንበሳ ሲዋኝ እያሰብኩ ነው የምሰማው። ወንዶቹ ያን ለብሰው፣ ሴቶቹ በሰፉት የቆዳ ጀልባ ነበር ባሕር የሚገቡት፤ ስፌቱ ውኃ ካስገባ ሰውየው ሞተ ማለት ነው። ኋላ ሩሲያውያን ለምድ ፍለጋ መጡ። ኦተር ማደን አይችሉም፤ ስለዚህ ሴቶችና ሕፃናትን መያዣ አድርገው ወንዶቹን እንዲያድኑ አስገደዷቸው። እንስሳው እያለቀ ሲሄድ በመርከብ ጭነው ወደ ደቡብ አወረዷቸው፣ ካሊፎርኒያ ድረስ። የማርፋ ቅድመ አያቶች ከሄዱት መካከል ነበሩ። ከፊሎቹ አልተመለሱም።

«ሩሲያውያኑ አሊዩት አሏቸው» አሉ ጋሼ ይልማ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእነሱን ግን መርከበኛ አወጣላቸው። ራሳቸውን የሚጠሩት ኡናንጋን ብለው ነው።»

ከደሴቱ ሲሰናበቱ እትዬ ማርፋ አንድ ነገር አደራ አሏቸው። ካሊፎርኒያ ከወረድክ እዚያ ስማችንን ጥራልን፣ የቀሩት እንዲሰሙ። ጋሼ ይልማ ቃል ገቡ። ይኸው ዐሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ለአንድም ሰው አልተናገሩም።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ለማን ልንገር? ቀሚስ ልታሳጥር ለመጣች ሴት? እንግሊዝኛዬንም ታውቂዋለሽ።» አውቀዋለሁ። ከስልክ ኩባንያው ሲደወል ሳይጨርሱ የሚዘጉት እንዳያፍሩ ነው። «እንግዲህ አደራ እንደበላሁ ልሞት ነው እያልኩ ነበር። አሁን ግን አንቺ ይኼን ገጽ ይዘሽ መጣሽ።»

የዚያን ሳምንት ሉካንዳ ሄደው የበግ አንጀት አመጡ። አጥበን፣ ነፍተን፣ ካፖርቶቹ መሐል እንደ ልብስ አሰጣነው። የክፍሏ ሽታ ምን እንደሆነ አልናገርም፤ እትዬ ሮማን ግድግዳውን በጡጫ ይመቱ ነበር። እናቴ መጥታ ስታይ በሩ ላይ ቀረች።

«ዱለት ልትሠሩ ነው?»

«ስፌት ነው» አልኳት።

«ጋሼ ይልማ፣ እኔ ልጄን የሰጠሁዎት ሆምወርክ እንዲያሠሩልኝ ነው።»

«ይኼው እኮ ነው ሆምወርኩ» አሉ እሳቸው፣ ቀና ሳይሉ።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። መርፌው አንጀቱን በስቶ ወደ ማዶ አይወጣም፤ በውፍረቱ መሐል ገብቶ በመጣበት በኩል ይመለሳል። ክሩ የከብት ጅማት ነው፤ ውኃ ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። አንጀት ምን ውፍረት አለው? ስንት ቀን ጣቴን ወጋሁ። በመጨረሻ ሁለት ትንንሽ ከረጢት ወጣልን፣ አንዱ የእሳቸው አንዱ የእኔ። ውኃ ሞልተን ሰቀልናቸው። የእኔ ወዲያው ጫማዬ ላይ ዘረገፈው፤ የእሳቸው አንዲት ጠብታ አላወጣም። «ያንቺን የለበሰ ሰምጧል» አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን ሰጡኝ።

በመጨረሻ አስተማሪዋ ወረቀት አደለችን። ስንናገር አንድ እንግዳ ከቤት ይዘን መምጣት እንችላለን ይላል። ጋሼ ይልማ ይኼን ቢያውቁ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ያላቸውን አንድ ሱፍ ለብሰው፣ የብል መድኃኒት እየሸተቱ፣ «ዚስ ፒፕል» ብለው ሲጀምሩ ታየኝ። ልጆቹ ሲያስነጥሱም ታየኝ። የእሳቸው እንግሊዝኛ የሚያሳፍረኝ የራሴን ስለሚመስል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይኼን አላወቅሁም፣ ያወቅሁት ማፈሬን ብቻ ነው። ወረቀቱን አጣጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እንግዳ አይፈቀድም አሉ» አልኳቸው።

«ኦኬ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ኦኬ። ሶ፣ አንቺ ትነግሪልኛለሽ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ስማቸውን ብቻ።» አንጀቴን በሉት። ወረቀቱ ግን ከካልሲዬ አልወጣም።

ቀኑ ደረሰና ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ከረጢቱን አውጥቼ ይኼ አንጀት ነው ስል የፊት ረድፉ ጮኸ። አንዷ ልጅ ወንበሯን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰማሁ፤ ምናልባትም እውነተኛ ማስነጠስ ነበር። ከረጢቱን ወደ ቦርሳዬ መልሼ መጽሐፉን ከፈትኩና ሩሲያውያን ኦተር አደኑ የሚለውን ቃል በቃል አንብቤ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ በጣም ጥሩ አለችኝ።

ጋሼ ይልማ የሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ።

«ተናገርሽልኝ?»

«አዎ።»

አማተቡ። «እግዜር ይስጥልኝ። ተገላገልኩ» አሉ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ የሱቁን በር ዘጉና ከመሳቢያ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው ወደ ደሴቱ ደወሉ። እትዬ ማርፋ በሕይወት እንዳሉ እኔ አላውቅም ነበር። ጋሼ ይልማ በዚያ በሚያፍሩበት እንግሊዝኛ፣ እየጮኹ፣ እየሳቁ፣ አንዲት ልጅ ለክፍሉ ሁሉ ነገረችላችሁ ብለው ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

የእትዬ ማርፋ ድምፅ በጣም ሩቅና ዝግ ያለ ነበር። እንግሊዝኛቸው ቀስ የሚል ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል ገባኝ።

«ልጆቹ ስማችንን ሲሰሙ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ለጋሼ ይልማ አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ለእኚህ ግን ልጆቹ ምን እንዳሉ ልፈጥር ነው። አልቻልኩም። «አልተናገርኩም» አልኳቸው በእንግሊዝኛ። «አይ ዲድ ኖት ሴይ።»

ጋሼ ይልማ ሰሙ። ይኼን ያህል እንግሊዝኛ አይጠፋቸውም። ስልኩን ቀስ አድርገው ተቀበሉኝ። ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

«እትዬ ማርፋ» አሉ፣ አሁን ሳይጮኹ። «አይ ጎ። ማይሴልፍ። አይ ጎ።»

ራሴ ሄጄ እናገራለሁ ማለታቸው ነው። ዘግተው አጠገቤ ተቀመጡ። ካልሲዬ ውስጥ ያለውንም ነገር ነገርኳቸው፤ አንዴ ከተጀመረ ምን ቀረ።

«ማንን ነው የፈራሽው?»

«ልጆቹን።»

«እኔም ይኼን ሁሉ ዓመት የፈራሁት እነሱኑ ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ አልመታችኝም፤ ከዚያ የባሰ አደረገች። ፈቃድ ጠይቃ ጠዋት ራሷ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ልጄ ዋሽታለች፣ እኚህ ሰው የሚናገሩት አላቸው ብላ ለአስተማሪዋ አስረዳች። በሚቀጥለው ዓርብ አሥር ደቂቃ ተሰጣቸው። ቀኑን ለእትዬ ማርፋ እንኳ አልነገሩም፤ እንደገና ቢቀርስ ብለው ነው።

ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። ክፍሉ ፊት ቆመው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። የተናገሩት አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መጽሐፋችሁ ሩሲያውያን አደኑ ይላል። ሩሲያውያን አላደኑም። ያደኑት ሰዎች ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተይዘውባቸው ነው፤ እዚህ ባሕራችሁ ድረስ ወርደው ከፊሉ እዚሁ ቀርተዋል። ስም አላቸው፣ እንድጠራው አደራ ተሰጥቶኛል። ስሙንም ተናገሩ፤ ግን ግማሹን ዋጡት።

አስተማሪዋ በአክብሮት ማርከር ሰጥታ ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉት ጠየቀቻቸው። ዩ ጻፉ። ኤን ጻፉ። ከዚያ ቆሙ። ቃሉን የተቀበሉት በጆሮ ነው፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ለካ አይተውት አያውቁም። ሠላሳ ልጅ ይጠብቃል። ላባቸው አንገታቸው ላይ ሲወርድ አያለሁ። በመዳፋቸው ሰሌዳውን ጠረጉና፣ በዚያ በሚያምር የድሮ ተማሪ ቤት እጅ ጽሑፋቸው፣ ትልቅ አድርገው «ኡናንጋን» ብለው ጻፉት።

ልጆቹ እንዲህ ያለ ፊደል አይተው አያውቁም። ያቺ ወንበሯን ይዛ የሸሸችው ልጅ እርሳሷን አውጥታ መገልበጥ ጀመረች፤ ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ ሁሉም። አስተማሪዋ ሰሌዳውን አየች፣ እኛን አየች፣ ይኼን ማንበብ የሚችል አለ ወይ አለች።

ከጋሼ ይልማ በቀር በዚያ ክፍል ይኼን ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሼ ይልማ ዞር ብለው አላዩኝም፤ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። ተነሣሁ። ናዝሬት እንዳስቆጠሩኝ አንድ በአንድ፣ ኡ፣ ና፣ ን፣ ጋ፣ ን አልኩ፤ ከዚያ ገጥሜ አነበብኩት።

«ድገሚው» አሉኝ ጋሼ ይልማ በአማርኛ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ደገምኩት።